የጥንት ገንዘብና የአፈሩ ምስክርነት

ገንዘብ በዘመኑ መገበያያ ነው፤ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ግን የታሪክ ምስክር ይሆናል። ምስክርም ቃሉን የሚሰጠው በጥንቃቄ ለሚጠይቀው ነው፤ በችኮላ የያዙት እንደ ሆነ ዝም ይላል፤ አንድ ጊዜ ዝም ካለም ዳግመኛ አይናገርም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ከሥራቸው በተረፈው ጊዜ ከመሬት የወጣ የጥንት ገንዘብ ከነአፈሩ እየገዙ፥ ማጽዳቱንና የማን ዘመን መሆኑን መለየቱን እንደ መዝናኛም እንደ ትምህርትም ይዘውታል። የሚገዙትም በብዛት በ4ኛው መቶ ዓመት በሮማ ነገሥታት ስም የተመታው፥ ከባልካን አገሮች የሚወጣው ነሐስ ነው። አፈሩ ሲለቅ የንጉሡ መልክና በዙሪያው የተጻፈው ስሙ ይታያል፤ በጀርባው ከሥዕሉ እግር በታች ያሉት ጥቂት ፊደሎች ደግሞ ገንዘቡ በአንጾኪያ ወይም በእስክንድርያ ወይም በቍስጥንጥንያ መመታቱን ያስታውቃሉ።

በዚህ ሥራ የበሰሉት ሰዎች የሚመክሩት ትዕግሥትን ነው። ገንዘቡን በተጣራ ውሃ ዘፍዝፈው፥ ውሃውን እየለወጡ ለሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ያቆዩታል፤ ከዚያም በአጉሊ መነጽር እየተመለከቱ በለስላሳ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር አፈሩን ብቻ ያነሣሉ። ሎሚ፥ ሆምጣጤ፥ አሸዋና የሽቦ ብሩሽ ግን የገንዘቡ ጠላቶች ናቸው። በነሐሱ ላይ ለብዙ መቶ ዓመት የረጋው ጥቁር ወይም አረንጓዴ ልባስ ጽሕፈቱን የያዘው እርሱ ነውና፥ ልባሱ ሲገፈፍ ጽሕፈቱም አብሮ ይሄዳል። ደግሞም ከአፈር ጨው የገባበት ነሐስ እርጥበት ሲያገኘው ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት እያወጣ ስለሚበላ፥ በደረቅ ስፍራ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ይህ ጥንቃቄ ይልቁንም የሚያስፈልገው ለአክሱም ገንዘብ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፥ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ገንዘብ መትተዋል። ከብሩና ከነሐሱም በአንዳንዱ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ለብጠዋል። ማረሻ ያወጣውን እንዲህ ያለ ገንዘብ በአመድና በአሸዋ የፈተገ ሰው፥ የአባቶቹን ጥበብ በአንድ ቀን ያጠፋል። የንጉሥ ኢዛና ገንዘብ አስቀድሞ ጨረቃና ክብ ምልክት፥ በኋላ ግን መስቀል ይዞ ይገኛል፤ ይህም የንጉሡን ክርስትና መቀበል ከሚያስረዱት ማስረጃዎች አንዱ ነው። በንጉሥ ዋዜባም ገንዘብ ላይ የግዕዝ ፊደል ገና የአናባቢ ምልክት ሳይጨመርበት ተጽፎ ይታያል። ይህ ሁሉ ከጣት ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ ስፍራ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ጥቂት መፋቅ ብዙ ታሪክ ይፍቃል።

ከጽሕፈቱም ሌላ የተገኘበት ስፍራ ራሱ ይናገራል። በየመን፥ በአል መዳሪባ፥ ከ300 በላይ የአክሱም የወርቅ ገንዘብ ከሮማ ወርቅ ጋር ባንድ ስፍራ በመገኘቱ፥ በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ የነበረው ግንኙነት ተመስክሮአል። ያው ወርቅ ለየብቻው ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ይህን ምስክርነት ባልሰጠም ነበር። በውጭ አገር ተቀላቅሎ የሚሸጠው ገንዘብ ግን፥ ገዢው ምንም ያህል በጥበብ ቢያጸዳው፥ ከየትኛው መንደርና ከየትኛው መቃብር እንደ ወጣ አይናገርም፤ ግማሽ ቃሉ ከገበያው አስቀድሞ ጠፍቶአልና።

በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209፥ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ አዝዞአል። ነገር ግን ገበሬው ያገኘውን ይዞ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ወረዳው ሹም ወይም ወደ ደብሩ አለቃ ነው። እነዚህም ገንዘቡን ሳያጥቡ፥ ሳይፍቁ፥ በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው፥ የተገኘበትን ማሳ፥ ቀኑንና አብሮት የነበረውን ዕቃ ጽፈው ቢያስተላልፉ፥ ሊቃውንቱ ሊያነቡት ይችላሉ። ለማጽዳት ጊዜ አለው፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በመሬት ውስጥ የቆየ ገንዘብ የሚያውቀው ሰው እስኪደርስ ጥቂት ወር ቢቆይ አይጐዳውም። የተፋቀውን ፊደልና የተረሳውን ስፍራ ግን የሚመልሰው የለም።