ያረጀ ጫማ ዕድሜውና ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

አሮጌ ጫማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ለቆራሌው የሚሰጠውን ነው። ነገር ግን ከቆዳ የተሠራ ጫማ የተሠራበትን ዘመን በገዛ አካሉ ላይ ይዞ ስለሚኖር፥ መርምሮ ለሚያየው ሰው ብዙ ነገር ያስረዳል። እኔም በዚህ ዓመት ስለዚሁ ጉዳይ የተማርሁትን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዘመኑን የምጽፈው፥ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ቅርጹ ነው። በአውሮፓ ታኮ ያለው ጫማ ከተለመደ በኋላ እስከ 1800 ገደማ ድረስ ጫማ ሠሪዎች ግራና ቀኝ ሳይለዩ ሁለቱንም በአንድ ቀጥ ያለ ፎርማ ይሠሩ ነበር። የሴቶች ጫማ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ሲሠራ ቆይቷልና በዚህ ምልክት ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ከቅርጹ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው ስፌቱ ነው። ሊማን ብሌክ የተባለው አሜሪካዊ ሶልን ከላዩ ቆዳ ጋራ ለሚሰፋ መኪና የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1858 ነው። የዚህ መኪና ስፌት ሶሉን ከውጭ እስከ ውስጥ ስለሚበሳ፥ ወደ ጫማው ውስጥ ስንመለከት ክሩን ተሰልፎ እናገኘዋለን። እንዲህ ያለውን ጫማ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ነው ቢሉን አንቀበልም። ቆዳውም እንደዚሁ ነው። በዛፍ ልጣጭ የለፋ ቆዳ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን፥ በክሮም የለፋው ብዙ ጊዜ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ያዘነብላል፤ በክሮም ማልፋትም ለፋብሪካ ሥራ የበቃው አውጉስተስ ሹልትስ በ1884 የባለቤትነት መብት ካወጣ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገኝ አንድ ጉዳይ ነው። የታሪክ ክበባችን ለትምህርት ቤቱ የመስተዋት ሣጥን የሚሆን ዕቃ ለመግዛት ከተማሪዎች ገንዘብ አዋጥቶ ነበር። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴም «በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የወደቀ የኢጣልያ ወታደር ጫማ ነው» ብሎ አንድ ጥንድ ቡትስ አቀረበልን። ዋጋው መዋጮአችንን በሙሉ የሚውጥ ነበር። ገልብጠን ብናየው ሶሉ ጥርስ ያለው ጎማ ሆኖ ተገኘ። ኢጣልያኖች «ካራርማቶ»፥ ማለት ታንክ፥ የሚሉትን ይህን ሶል ያወጣው የሚላኑ ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ ነው። በ1935 ስድስት ጓደኞቹ በአልፕስ ተራራ ላይ ስለ ሞቱ የተሻለ ጫማ ሲፈልግ ቆይቶ በ1937 አወጣው፤ ይኸውም ከዐድዋ ጦርነት 41 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ነጋዴው ግን «ሶሉ ኋላ ተለውጦ ይሆናል» አለን። ነገሩ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሶሉ የተለወጠ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞው ስፌት ቀዳዳ ዙሪያውን ይቀርበታል፤ እኛ ግን በአጉሊ መነጽር ስንመረምረው ከአንዱ ስፌት በቀር ሌላ ቀዳዳ አላገኘንም። ገንዘቡም ሳይወጣ ቀረ።

ስለ ዋጋ የሆነ እንደ ሆነ፥ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያወጣም። ጥንዱ መሟላቱ፥ ሶሉ አለመለወጡ፥ የሠሪው ማኅተም መታየቱ ይቈጠራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ ጫማውን ማን እንዳደረገው የሚያስረዳ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ነው። ነጠላ ጫማም ቢሆን አይናቅ። በ2008 በአርመንያ ዋሻ ውስጥ የተገኘው፥ ከአንድ የላም ቆዳ የተሠራውና 5,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ጫማ የቀኝ እግር ብቻ ነው፤ ውስጡ ሣር ተጠቅጥቆበት፥ በላዩ የበግ ፍግ ተከምሮበት ሳይበሰብስ ኖሯል።

እንዲህ ያለ ጫማ በቤቱ ያለው ሰው ለሊስትሮ አይስጠው። ቆዳው ሲነካ ቀይ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ጉዳቱ ከውስጥ ነውና ቅባት አያድነውም፤ ይልቁንም ያጠቁረዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፎ፥ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ሞልቶ፥ ከፀሐይና ከእርጥበት ማራቅ ይበቃል። ጋዜጣ ግን አይጠቅጥቁበት፤ አሲድ አለበት።