የወፍጮ ቤት ተራና የኮምፒውተር ክሮች

ዳንግላ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም፤ የበቆሎ፣ የዳጉሳና የጤፍ ኬሻ በሩ ላይ ተደርድሯል። አንዲት እናት በየደቂቃው ብድግ እያሉ «መጣ እንዴ ልጄ?» ይላሉ። ፈጪው «ገና ነው እማማ» ይላቸዋል። የእሳቸው ጉልበት አለቀ፤ እሱም መልስ ሲሰጥ ማሽኑን የሚያጸዳበት ጊዜ አጣ። ጎረቤታቸው ግን ኬሻዋን ተራ አስይዛ፣ «ሲመጣ ጥራኝ» ብላ ቡናዋን ልታፈላ ሄዳለች። መብራቱ እንደሆነ ለሁለቱም የሚመጣው እኩል ነው።

ኮምፒውተርና ስልክ ውስጥም ሁለቱም ዓይነት ጠባቂዎች አሉ። አንድ ፕሮግራም ሥራውን ለብዙ ፈጻሚዎች ከፋፍሎ ማካሄድ ይችላል፤ እነዚህን ፈጻሚዎች ባለሙያዎች ትሬድ፣ ማለትም ክር ይሏቸዋል። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚጓዝ ሚኒባስ ውስጥ በስልኩ ቪዲዮ የሚያይ መንገደኛ እንውሰድ። አንዱ ክር ምስሉን ከኔትወርክ እያወረደ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሌላው ከቅርጫቱ እያነሣ ያሳያል። ኔትወርኩ ሲጠፋ ቅርጫቱ ባዶ ይሆናል። አሳዪው ክር «መጣ? መጣ?» እያለ ከጠየቀ ስልኩ ይሞቃል፣ ባትሪውም በከንቱ ያልቃል። የሚሻለው ተኝቶ ሲጠራ መንቃት ነው። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ኮንዲሽን ቫሪያብል ይባላል። ስሙ ቢከብድም ነገሩ አንድ ሁኔታ እስኪሟላ ድረስ ክሮች የሚተኙበትና የሚጠሩበት የመጠበቂያ ቦታ ነው።

አስቸጋሪው ነገር አተኛኘቱ ላይ ነው። ሁለት ክሮች ቅርጫቱን በአንድ ጊዜ ቢነኩት ይበላሻል፤ ስለዚህ ሙቴክስ የሚባል አንድ ቁልፍ አለ፤ ወደ ቅርጫቱ የሚገባው ቁልፉን የያዘ ብቻ ነው። አሳዪው ክር ቁልፉን ይዞ ሲመለከት ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ አገኘው እንበል። ቁልፉን እንደያዘ ቢተኛ አውራጁ መግባት አይችልምና ሁለቱም ለዘላለም ይቆማሉ። መጀመሪያ ቁልፉን መልሶ ከዚያ ልተኛ ቢልስ? በዚያች ቅጽበት አውራጁ ገብቶ ምስሉን ሊያስቀምጥና ሊጣራ ይችላል። ገና የተኛ ስለሌለ ጥሪው ባክኖ ይቀራል፤ አሳዪውም ከዚያ በኋላ ይተኛና የሚቀሰቅሰው ያጣል። ኮንዲሽን ቫሪያብል ይህን ክፍተት የሚዘጋው ቁልፍ መመለስንና መተኛትን አንድ የማይከፈል ድርጊት በማድረግ ነው። እኔ ከዚህ መሣሪያ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህቺን ነጥብ ነው።

ሐሳቡን ያበሰሉት ዴንማርካዊው ፐር ብሪንች ሃንሰንና እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ናቸው። ሆር በቤልፋስት ሲያስተምር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የተጠራው ክር ወዲያውኑ፣ ማንም ሳይቀድመው እንዲገባ ደነገገ። እንዲህ ከሆነ የተጠራ ሰው ወፍጮው ነፃ መሆኑን ሳይጠራጠር ኬሻውን ተሸክሞ መግባት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ግን በትለር ላምፕሰንና ዴቪድ ሬዴል፣ ዜሮክስ ኩባንያ ውስጥ ሜሳ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ሠርተው ያዩትን ሲጽፉ ሌላ ውል አቀረቡ። በእነሱ ዘንድ ጥሪ ፍንጭ ብቻ ነው። የተጠራው ይነቃል፣ እንደማንኛውም ሰው ቁልፉን ለማግኘት ይሰለፋል፣ ሲገባም ሁኔታውን እንደገና ያያል። ዛሬ እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የፖዚክስ ትሬድ ደንብ፣ የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ደንብ የሚከተሉት ይህንኑ የሜሳ መንገድ ነው።

ወደ ወፍጮ ቤታችን እንመለስ። በአማርኛም ይሁን በአዊኛ «መብራት መጣ!» ተብሎ ተጠራ። ሴትየዋ ጀበናዋን አስቀምጣ ስትደርስ ሌላ ሰው ቀድሟት እህሉን የወፍጮው አፍ ውስጥ ገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መብራቱ ተመልሶ ሄዷል። ጥሪው ውሸት አልነበረም፤ በጥሪውና በመድረሷ መካከል ነገሩ ተለወጠ እንጂ። ስለዚህ ሳታይ አትገለብጥም፤ ካልሆነላት ተመልሳ ትጠብቃለች። ፖዚክስ ደግሞ ማንም ሳይጠራው የሚነቃ ክር ሊኖር እንደሚችል በግልጽ ይፈቅዳል። በፕሮግራም ቋንቋ፣ አንዴ ብቻ አይቶ የሚያልፈው ትእዛዝ «ኢፍ» ሲሆን እስኪሟላ ድረስ ደጋግሞ የሚያየው «ዋይል» ነው። በመጠበቂያው ዙሪያ መቆም ያለበት «ዋይል» ነው።

ማንን እንጥራ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። አንድን ብቻ መጥራት ይቻላል፣ ሁሉንም መጥራትም ይቻላል። ወፍጮ ቤቱ ለጤፍና ለበቆሎ የተለያየ ማሽን አለው እንበል። የጤፉ ማሽን ሲለቀቅ ፈጪው ከተቀመጡት አንዱን ብቻ ቢጠራና የተጠራው ባለ በቆሎ ቢሆን፣ እሱ አይቶ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ባለ ጤፉ ሳይጠራ ማሽኑ ባዶውን ይቀራል። መፍትሔው ሁሉንም መጥራት፣ አለዚያም ለጤፍና ለበቆሎ ጠባቂዎች የየራሳቸው መቀመጫ፣ ማለትም ሁለት ኮንዲሽን ቫሪያብል ማበጀት ነው። ሁለተኛው የማይመለከተውን ሰው ከቡናው አያስነሣምና እኔ እሱን እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለ ስሕተት ክፉ የሚሆነው በሙከራ ጊዜ ስለሚደበቅ ነው። ሺህ ጊዜ በትክክል የሠራ ፕሮግራም ክሮቹ በአንዲት ያልታሰበች ቅደም ተከተል ሲገጣጠሙ ደርቆ ይቆማል፤ ሲደግሙትም ችግሩ አይታይም።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ይህን ሙያ የምትማሩ ልጆች፣ ዛሬ ማታ የጻፋችሁትን ኮድ ክፈቱ። ክሩን የሚያስተኛውን «ዌይት» የሚለውን ትእዛዝ ፈልጉና ከላዩ ያለውን መስመር እዩ። «ኢፍ» ካገኛችሁ ወደ «ዋይል» ለውጡት።