ከባሕር ሥር የወጣው ሣጥን

በክረምት የዓባይንና የበሽሎን ሙላት አይታችኋል። እዚያ ውሃ ውስጥ ማን ደፍሮ ይገባል? በ2002 ዓ.ም. ግን ሰዎች በብርድ ወራት ባሕር ሥር ገቡ። ለምን ገቡ?

ጥር 17 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከሊባኖስ ከተማ ከቤሩት ተነሣ። ጥቂት ደቂቃ እንደበረረ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የተሳፈሩት 90 ሰዎች ሁሉ አለቁ።

ምን ገጠማቸው? ይህን የሚናገሩ ሁለት መመዝገቢያ ሣጥኖች በአውሮፕላኑ ውስጥ ነበሩ። አንዱ የበረራውን ፍጥነትና ከፍታ ይመዘግባል።

ወጀቡ ፍለጋውን አዘገየው። የሊባኖስ ጦር ጠላቂዎች ግን 45 ሜትር ወረዱ። ይህ ከ25 ሰው ቁመት ይበልጣል።

ጠላቂ የሚተነፍሰውን አየር በብረት ዕቃ አዝሎ ይወርዳል። አየሩ ሳያልቅ መመለስ አለበት። ቸኩሎ ቢወጣ ደግሞ ደሙ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ ቀስ እያለ ይወጣል።

ጥር 30 ቀን አንዱን ሣጥን አገኙ። መዝገቡ በፈረንሳይ አገር ተነበበ። በ2004 ዓ.ም. የሊባኖስ መርማሪዎች ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉ። አየር መንገዱ አልተቀበለም።

ሙግቱ አላለቀም። መዝገቡ ባይወጣ ኖሮ ግን የሚቀረው ግምት ብቻ ነበር።