የተጻፈ ደንብና የተዘጋ በር፦ የመረጃ ደኅንነት በንግድ ድርጅቶች

በዘመናችን አንድ የንግድ ድርጅት ከሚይዛቸው ሀብቶች መካከል የደንበኞቹ መረጃ ዋነኛው ነው። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ የመታወቂያና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በኮምፒዩተሮች ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ። ይህን ሀብት ከሌባ ለመጠበቅ መንግሥታት ሕግ ያወጣሉ፤ በአንድ የንግድ ዘርፍ የተሰማሩ ወገኖች የጋራ መስፈርት ይደነግጋሉ፤ ድርጅቶችም የየራሳቸውን መመሪያ ያዘጋጃሉ። ለመሆኑ ደንቡን በወረቀት ማሟላትና መረጃውን በተግባር መጠበቅ አንድ ናቸውን? በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ የደረሱ ሁለት ታዋቂ ጉዳዮችን በማንሣት ይህን ጥያቄ ለመመርመር እንሞክራለን።

ደንብ ማክበርና ደኅንነት

የመረጃ ደኅንነት ሦስት ዓላማዎች አሉት። መረጃውን ያልተፈቀደለት ሰው እንዳያየው፣ ማንም በስውር እንዳይለውጠው፣ እንዲሁም ባለመብቱ በፈለገው ጊዜ እንዲያገኘው ማድረግ ናቸው። ደንብ ማክበር ደግሞ አንድ ድርጅት የታዘዘውን መፈጸሙን ለመርማሪ ማሳየት ነው። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ በተወሰነ ቀን፣ በተዘጋጀ የጥያቄ ዝርዝር ይካሄዳል። የኮምፒዩተር ሥርዓት ግን በየዕለቱ ይለዋወጣል፤ አዲስ ሶፍትዌር ይጫናል፣ ሠራተኛ ይለቃል፣ ትናንት ያልታወቀ ጉድለት ዛሬ ይገለጣል።

የክፍያ ካርድ የሚቀበሉ ነጋዴዎች የሚመሩበትን ዓለም አቀፍ መስፈርት እንውሰድ። የመስፈርቱ የመጀመሪያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት ይህን መስፈርት ማሟላቱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 ተረጋግጦለት ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት በኖቬምበርና በዲሴምበር ሰርጎ ገቦች ለድርጅቱ የማቀዝቀዣ ሥራ ከሚሠራ ተቋራጭ በሰረቁት የይለፍ ቃል ገብተው የ40 ሚሊዮን ያህል የክፍያ ካርዶችን መረጃ ወሰዱ። የድርጅቱ የመከላከያ መሣሪያ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በጊዜው እርምጃ አልተወሰደበትም።

ኢኩዊፋክስ እንዴት ተደፈረ?

ሁለተኛው ጉዳይ የበለጠ ትምህርት ሰጪ ነው። ኢኩዊፋክስ ሰዎች ብድራቸውን እንዴት እንደሚከፍሉ የሚያሳይ መረጃ ሰብስቦ ለአበዳሪዎች የሚሸጥ፣ መሥሪያ ቤቱ በአትላንታ ከተማ የሚገኝ ድርጅት ነው። አብዛኞቹ ባለመረጃዎች ከድርጅቱ ጋር አንዳች ውል ሳይኖራቸው ዝርዝራቸው በእጁ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት (ማርች) 7 ቀን 2017 አፓቺ ስትራትስ በተባለ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ከባድ ጉድለት መኖሩ ከነማስተካከያው ይፋ ተደረገ። ሶፍትዌሩ ከውጭ የተላከለትን ጽሑፍ እንደ ተራ ጽሑፍ መቀበል ሲገባው፣ በተወሰነ መንገድ ሲጻፍ እንደ ትእዛዝ ይፈጽመው ነበር። ስለዚህ በሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው በኢንተርኔት አማካይነት ኮምፒዩተሩን እንደፈለገ ሊያዝዘው ይችላል ማለት ነው።

ኢኩዊፋክስ ለዚህ ዓይነቱ አጋጣሚ የተጻፈ ደንብ ነበረው። ከባድ ጉድለት ሲታወቅ ማስተካከያው በ48 ሰዓት ውስጥ መጫን ይኖርበታል። በማግስቱ ከማግስቱም፣ ማርች 9 ቀን፣ ትእዛዙ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሠራተኞች ተላለፈ። ነገር ግን የተቀባዮቹ ዝርዝር ያረጀ ስለነበር መልእክቱ ሥራውን መፈጸም ለሚገባቸው ሰዎች አልደረሰም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተካሄደው ፍተሻም ጉድለት ያለበትን ድረ ገጽ ሳያገኘው ቀረ።

ሰርጎ ገቦቹ ከሜይ 13 ቀን ጀምሮ በዚህ በር ተመላለሱ። ሳይመሰጠሩ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን አግኝተው፣ ድረ ገጹ ከሚያስፈልጉት ውጪ ወደሆኑ 48 የመረጃ ቋቶች ተሻገሩ፤ 9,000 ያህል ጥያቄዎችንም አቀረቡ። ክፍሎቹ በግድግዳ ቢለያዩ ኖሮ አንዱን በር የሰበረ ሌባ ሁሉንም ጓዳ ባላዳረሰ ነበር።

ከድርጅቱ የሚወጣውን የተመሰጠረ መልእክት ፈትቶ የሚመረምር መሣሪያ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። መሣሪያው መልእክቱን ለመፍታት ዲጂታል የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። የምስክር ወረቀቱ ዘመኑ ካለፈበት ብዙ ወራት ሆኖት ስለነበር መሣሪያው መልእክቱን ሳያነብ ያሳልፍ ነበር። ጁላይ 29 ቀን አዲስ የምስክር ወረቀት ሲገባለት አጠራጣሪው እንቅስቃሴ ወዲያው ታየ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ በዚያ ጊዜ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተወስዶ ነበር።

የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል። የልደት ቀን ግን አይለወጥም፤ የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥርም እንዲሁ በቀላሉ አይለወጥም። ስለዚህ ተጎጂው በስሙ ብድር እንዳይወሰድበት ለዓመታት መጠንቀቅ ይኖርበታል። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ገንዘብ ለመክፈል ከአገሪቱ መንግሥታዊ አካላት ጋር ተስማምቷል።

የችግሩ ሥር

የኢኩዊፋክስ ችግር ደንብ ማጣት እንዳልነበረ ልብ ልንል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የራሱ የውስጥ ኦዲት ጊዜያቸው ያለፈ ከ8,500 የሚበልጡ ያልታረሙ ጉድለቶች መኖራቸውን አግኝቶ ነበር። ማስተካከያው መጫኑም በሠራተኞች ታማኝነት ላይ ብቻ የተመሠረተ መሆኑን ኦዲቱ አመልክቷል። ይሁንና የተባለው መታረሙን የሚያጣራ ተከታይ ኦዲት አልተደረገም። እንግዲህ ጉድለቱን የሚያውቅ ነበረ፤ ደንቡም ተጽፎ ነበረ፤ የታዘዘው መፈጸሙን ሄዶ ያየ ግን አልነበረም።

ከዚህ በመነሣት ስለ ማንኛውም የደኅንነት ደንብ ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ እንችላለን። ሥራው የማን ኃላፊነት ነው? እስከ መቼ መፈጸም አለበት? መፈጸሙን ከሠሪው ሌላ ማን፣ በምን ማስረጃ ያረጋግጣል? ብዙ ድርጅቶች ለሁለቱ መልስ አላቸው። ሦስተኛው ወጪና ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ውጤቱም ችግር ሳይደርስ የማይታይ ስለሆነ ይዘነጋል። በተጨማሪም አንድ ድርጅት በእጁ ያሉትን ኮምፒዩተሮችና ሶፍትዌሮች ሙሉ ዝርዝር ካልያዘ የትኛው እንደቀረ ለማወቅ አይችልም፤ ያልተቆጠረ ከብት መጥፋቱ አይታወቅምና።

ይህ ጉዳይ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና ሌሎች ድርጅቶችም የዜጎችን መረጃ በኮምፒዩተር እየያዙ ነው። ሕጉ መውጣቱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን አዋጅ ብቻውን የተበላሸ ሶፍትዌር አይጠግንም፣ ያለፈበትን የምስክር ወረቀትም አያድስም። ይህን የሚያደርጉት ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው የሚገኙ የነገ ባለሙያዎች ናቸው። ስለሆነም ውድ አንባቢያን፣ ወደፊት በየመሥሪያ ቤቱ «ደንቡ ተሟልቷል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብላችሁ፣ ፊርማውን ከማየት አልፋችሁ በሩ በእርግጥ መዘጋቱን በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ እንድታረጋግጡ እናሳስባለን።