ድሮኑ ጣሪያውን ያያል፣ የበሩን ነገር ማን ይንገረው?

«ሎኬሽን ላክልኝ።»
«ልኬልሃለሁ እኮ።»
«ደርሶኛል፤ ግን አጥር ላይ ነው የሚያሳየኝ። በየት በኩል ነው የምገባው?»
«ማደያውን አለፍ በል፣ የኮብልስቶን መንገድ ታገኛለህ። ሱቁ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ።»

አዲስ አበባ ውስጥ በአፕ ታክሲ ጠርቶ ወይም ምግብ አዞ እንዲህ ያላወራ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ኪሳችን ውስጥ የዓለም ካርታ አለ፤ የመጨረሻዋን 100 ሜትር ግን ዛሬም የምንጨርሳት በስልክ ጥሪ ነው። የታዘዘው ምሳ ከሆነ ግድ የለም፣ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። 907 ደውለን አምቡላንስ የምንጠብቅ ከሆነ ግን ያቺ 100 ሜትር ሌላ ነገር ናት።

ይህንን ሳወራ አንድ ጓደኛዬ «ድሮን ቢያበሩበት እኮ በአንድ ቀን ያልቃል» አለኝ። ሐሳቡ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ከዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱም አስቦበታል። እውነት ግን ያልቃል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ካርታው የሚሳሳተው የት ላይ እንደሆነ እንለይ።

ነጥቧ እና ካርታው

የማፕ አፕ ስንከፍት የምናየው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው እኛን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ናት። እሷን ስልካችን የሚያሰላት በዋናነት ከጂፒኤስ ሳተላይቶች ከሚመጣ ምልክት ነው። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ ስሕተቷ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 5 ሜትር ገደማ ነው። ፎቅ መሀል ስንገባ ግን ምልክቱ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ነጥቧ ወዲያና ወዲህ ትላለች።

ሁለተኛው ከነጥቧ ሥር የተነጠፈው ካርታ ነው። እሱ ደግሞ ሥዕል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው ወይም ኮምፒውተር ከሰማይ የተነሣ ፎቶ እያየ ነው የሚሥለው። ፎቶው ያረጀ ከሆነ ባለፈው ዓመት የተሠራው መንገድ በካርታው ላይ የለም። ፎቶው ሲቀመጥ በጥቂት ሜትር ፈቀቅ ካለ፣ ከእሱ ላይ የተሣለው መንገድም ቤትም አብሮ ፈቀቅ ይላል። ተራራና ገደል የበዛበት አገር ላይ ይህ መንሸራተት ይብሳል። ስለዚህ አስፋልት ላይ ቆማችሁ ነጥባችሁ ሰው ግቢ ውስጥ ስትታይ ሁልጊዜ ስልካችሁን አትውቀሱ። አንዳንዴ ትክክሏ ነጥቧ ናት፤ የተሳሳተው ካርታው ነው።

ድሮን የሚያግዘው እዚህኛው ላይ ነው። በገበያ ላይ ካሉት የሳተላይት ፎቶዎች ምርጥ የሚባሉት እያንዳንዷ የምስል ነጥብ መሬት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሸፍናለች። ከመቶ ሜትር ከፍታ አካባቢ የሚበር ድሮን ግን ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ የቱቦ ክዳን ሳይቀር ይለያል። ደመናም ከበላዩ ስለሚሆን እንደ ሳተላይቱ አያስቸግረውም።

አሠራሩም ቀላል ነው። ድሮኑ እንደሚያርስ ገበሬ ሄድ መለስ እያለ ያነሣል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር በብዛት ይደራረባል። ኮምፒውተር ያንን መደራረብ ተጠቅሞ ፎቶዎቹን አንድ ትልቅ ምስል አድርጎ ይሰፋቸዋል፣ የመሬቱንም ከፍታ ያሰላል። ምስሉ እንዳይንሸራተት ደግሞ ባለሙያዎች መሬት ላይ ምልክት ያደርጉና የምልክቱን ቦታ በረቀቀ የጂፒኤስ መሣሪያ ይለካሉ። ከዚያ ምስሉን እዚያ ላይ እንደ ችንካር ይቸነክሩታል።

አፕልን ያሳፈረችው ከተማ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 አፕል የጉግልን ማፕ ከአይፎን አውጥቶ የራሱን አስገባ። ካርታው በስሕተት የተሞላ ስለነበር የኩባንያው ኃላፊ ቲም ኩክ በዚያው ወር በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። እኛ እስክናስተካክል የተፎካካሪዎቻችንን አፕ ተጠቀሙ እስከ ማለትም ደረሰ።

በታኅሣሥ ወር ደግሞ የአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ግዛት ፖሊስ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሚልዱራ ወደምትባል ከተማ የሚጓዙ ሰዎች ካርታውን ተከትለው ከከተማዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኝ በረሃማ ብሔራዊ ፓርክ እየገቡ ነበር። ሙቀቱ እስከ 46 ዲግሪ የሚደርስበት፣ ውኃ የሌለበት ቦታ ነው። አንዳንዶቹ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ያለ ምግብና ውኃ ቆይተዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2016፣ ብሉምበርግ አንድ ዜና ይዞ ወጣ፦ አፕል ካርታውን ለማሻሻል ድሮን ሊጠቀም ነው። ድሮኖቹ የመንገድ ምልክቶችን ያያሉ፣ የተቀየሩ መንገዶችንና ግንባታዎችን ይከታተላሉ፤ ካሜራ ተጭኖባቸው በየመንገዱ ከሚዞሩት መኪኖች ይልቅ ፈጣን ይሆናሉ ተባለ። የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ለኩባንያው የድሮን ፈቃድ ሰጥቶ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ያኔ ድሮን ቢኖር የሚልዱራን ተጓዦች ያድናቸው ነበር? አይመስለኝም። እዚያ የተሳሳተው ፎቶው አልነበረም፤ ስሙ ነው። ኋላ ላይ እንደተዘገበው በአገሪቱ የቦታ ስሞች መዝገብ ውስጥ ሁለት ሚልዱራ ነበሩ፤ አንዷ ከተማዋ፣ ሌላዋ በከተማዋ ስም የሚጠራው ሰፊ አስተዳደር ነው። የአስተዳደሩ ነጥብ ያረፈው ጫካው ውስጥ ነበር። ድሮን ጫካውን እጅግ ጥርት አድርጎ ባነሣው ነበር፤ «ይሄ ሚልዱራ አይደለም» ብሎ ግን አይናገርም።

ዛንዚባርና ዳሬሰላም ያሳዩን

ድሮን በካርታ ሥራ ላይ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በደንብ የሚታየው ሩቅ አገር ሳይሆን ታንዛኒያ ውስጥ ነው። ከ2016 ጀምሮ ዛንዚባር ሁለቱን ዋና ደሴቶቿን፣ ኡንጉጃንና ፔምባን፣ በትንንሽ ድሮኖች ማንሣት ጀመረች። ሁለቱ አንድ ላይ ከ2,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው። ድሮኖቹን ካበረሩት ውስጥ የዛንዚባር መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙበታል። ምስሉ ተቆልፎበት አልቀረም፤ ማንም እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ክፍት ሆነ። በ2018 በዚሁ ምስል ላይ ውድድር ተዘጋጅቶ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ፕሮግራመሮች ኮምፒውተር ቤቶችን በራሱ እንዲለይ አስተማሩት፤ ያለቀ ቤት፣ ያላለቀ ቤት፣ መሠረት ብቻ የወጣለት ቤት እያለ። (እኛ ሰፈር ቢመጣ ሁለተኛው ዓይነት ይበዛበት ነበር።)

ዳሬሰላም ውስጥ ደግሞ በ2015 «ራማኒ ሁሪያ» የሚባል ሥራ ተጀመረ፤ በስዋሂሊ ክፍት ካርታ ማለት ነው። ምክንያቱ ጎርፍ ነው። በታኅሣሥ 2011 ከተማዋን የመታው ጎርፍ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። ጎርፍ የሚያጠቃቸው ሰፈሮች አብዛኞቹ ያለ ፕላን የተሠሩና በካርታ ላይ በቅጡ የሌሉ ነበሩ። ድሮን ተነሣና ጣሪያው ሁሉ ታየ። ሥራው ግን እዚያ ላይ አላለቀም፤ እንዲያውም የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሰፈሩ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው በእግራቸው ዞሩ። የፍሳሽ ቦዩ ወዴት ይሄዳል? ባለፈው ጎርፍ ውኃው እስከ የት ደረሰ? የዚህ መንደር ወሰን የት ነው? ከላይ የማይታየውን እየጠየቁ ስልካቸው ላይ መዘገቡ። ያ መረጃ የገባው «ኦፕን ስትሪት ማፕ» ውስጥ ነው። ይህ በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል ካርታ ነው። ማፕስ ሚን የመሳሰሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ አፖች ካርታቸውን የሚወስዱት ከዚያ ነው።

ጣሪያ ስም የለውም

እኔም ሰሞኑን ማታ ማታ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከፍቼ የሰፈሬን ጣሪያዎች ከሳተላይት ፎቶ ላይ መሣል ጀምሬያለሁ። ሱስ ያስይዛል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከመቶ በላይ ቆርቆሮ ሣልኩ። ስጨርስ ሳየው ካርታው ሞልቷል፤ ነገር ግን አንዱም ስም የለው፣ አንዱም በር የለው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ከላይ ሲታይ ከዋናው መንገድ ወደ ወንዙ ወጥቶ የሚያሳልፍ የሚመስል ቅያስ ነበር። ስደርስ የብረት በር አለው። ዘበኛውን ጠየቅኳቸው፤ «ቀን ክፍት ነው ልጄ፣ ማታ ግን ሦስት ሰዓት ላይ እንዘጋዋለን። መኪና ካለ በላይ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው» አሉኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ሌሊት አምቡላንስ እየነዳ የሚመጣ ሰው ማፑ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይለዋል፣ ይታጠፋል፣ ተዘጋ። ይህንን በር የመቶ ሺህ ብር ድሮንም ያነሣዋል፤ የሚዘጋበትን ሰዓት ግን የሚያውቁት ዘበኛው ናቸው።

ትንሽ ዝቅ ብዬ ጥላ ሥር የተቀመጡ አዛውንት አገኘሁ። «አባባ፣ ይህን መንገድ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» ስላቸው «ወፍጮ ቤቱ ጋ» አሉኝ። ወፍጮ ቤት የሚባል ነገር ግን በአካባቢው የለም። «ከፈረሰ ቆየ፤ ስሙ ቀረ» አሉና ሳቁ።

የእኛ ከተማ ነገር እንዲህ ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ስሙን ያገኘው 22 ቁጥር አውቶቡስ ይዞርበት ከነበረው ቦታ ነው፤ ከሰማይ ሆኖ ይህንን ማየት አይቻልም። ዶሮ ማነቂያ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ፈርሷል፤ ስሙ ግን ሰው አፍ ላይ አለ፤ ነገም «ዶሮ ማነቂያ አድርሰኝ» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። እንዲህ በፍጥነት በሚፈርስና በሚሠራ ከተማ ውስጥ ድሮን በጣም ያስፈልጋል፤ የትናንቱን መንገድ ከዛሬው ለመለየት ከእሱ የሚፈጥን ያለ አይመስለኝም። ስሙን፣ በሩን፣ ሰዓቱን ግን የሚያውቀው መሬት ላይ ያለው ሰው ነው። «ድሮን ቢበር ያልቃል» ላለኝ ጓደኛዬ መልሴ ይኼ ነው፦ ድሮን ሲበር ሥራው ግማሽ ይደርሳል፣ ቀሪው ግማሽ የእኛ ነው።

ድሮኑንስ ማን ያብርረው? አገራችን ውስጥ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ገዝቶ ከሰገነት ላይ ማስነሣት የለም። ደግሞም በእኛ አገር ድሮን ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ካርታ ሳይሆን ጦርነት ነው። በሰው ግቢ ላይ ካሜራ ይዞ የሚያንዣብብ ነገር ቢያስደነግጥ አይገርምም። ስለዚህ የሚመለከተው አካል ቢያስነሣው፣ ሰፈሩ ቀድሞ ቢነገረው፣ ምስሉም እንደ ዛንዚባር ለተማሪውና ለፕሮግራመሩ ክፍት ቢሆን እላለሁ።

እስከዚያ ግን የእኛን ግማሽ ለመጀመር ፈቃድ አያስፈልግም። ለሰው ሎኬሽን ስትልኩ ሳሎን ሆናችሁ ሳይሆን በሩ ጋ ቆማችሁ ላኩ፤ ነጥቧ ረግታ እስክትቆም ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ፣ ፋርማሲ ወይም ትምህርት ቤት ካርታው ላይ ያለቦታው ተቀምጦ ካያችሁ አፑ ውስጥ ማረሚያው አለ፤ ሁለት ደቂቃ ነው። የተዘጋ መንገድ ካለ «ተዘግቷል» በሉ። የሰው መኖሪያ ቤት ላይ ግን የሰው ስምና ስልክ አትጻፉ፤ ካርታው የሁሉ ነው፣ ቤቱ የባለቤቱ ነው።

እኔ የዚያን የብረት በር ቦታና የሚዘጋበትን ሰዓት ካርታው ላይ አስገብቻለሁ። ወፍጮ ቤቱንም ስሙን ጽፌዋለሁ። እናንተ ሰፈር ማታ የሚዘጋው የትኛው በር ነው?