በጅምላ የሚፋቅ ብራና፦ ፍላሽ ማከማቻና ስርዓተ ክወና

ስርዓተ ክወና በኮምፒውተርና በስልክ ውስጥ በሃርድዌሩና በፕሮግራሞቹ መካከል ሆኖ ሁለቱን የሚያግባባ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ከኃላፊነቶቹ ሁሉ የሚከብደው ተጠቃሚው በአደራ ያስቀመጠውን መረጃ ሳያጎድል መልሶ መስጠቱ ነው። ይህ ኃላፊነት ለብዙ ዓመታት የተቃኘው በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ጠባይ ነበር፤ ዛሬ ግን በስልክ፣ በሜሞሪ ካርድና በኤስኤስዲ ውስጥ መረጃ የሚያርፈው ፍላሽ በሚባል ቺፕ ላይ በመሆኑ፣ ነዳፊዎች የቀድሞውን አሠራር ከመሠረቱ ለመመርመር ተገድደዋል።

የጉዳዩን ክብደት ለማየት የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ጥሩ ማሳያ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 የተቋቋመው ሬዲዮ ሐርጌሳ ለዓመታት ያጠራቀመው የሶማሊ ዜማና ግጥም፣ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1988 ከተማዋን ከአየር ሲደበድብ ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረ ሲሆን፣ ባለአደራዎች ከፊሉን መሬት ውስጥ ቀብረው፣ ከፊሉንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻግረው አትርፈውታል። ዛሬ የሐርጌሳ ባህል ማዕከል ከ10,000 የሚበልጡ ካሴቶችን ይዞ ወደ ዲጂታል በመገልበጥ ላይ ይገኛል። የአንድ ሰዓት ካሴት በሰከንድ 96,000 ናሙና፣ በ24 ቢትና በሁለት ቻናል ቢቀዳ 2 ጊጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ 10,000 ካሴት በዚህ ልክ ወደ 20 ቴራባይት ይደርሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቅርስ በፍላሽ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚገጥመው ማወቅ እንግዲህ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ፍላሽን የፈለሰፈው በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዓይነት በ1984፣ ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን ናንድ የተባለውን ደግሞ በ1987 ለዓለም አስተዋውቋል። በቺፑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሕዋስ ዙሪያውን በኢንሱሌተር የታጠረ እጅግ ትንሽ ክፍል አለው፤ መጻፍ ማለት በኤሌክትሪክ ግፊት ኤሌክትሮኖችን ወደዚህ ክፍል ማስገባት፣ ማጥፋት ማለት ደግሞ መልሶ ማስወጣት ነው። ሕዋሳቱ ገጽ በሚባሉ ክፍሎች ይደራጃሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ደግሞ አንድ ላይ ሆነው ብሎክ ይባላሉ። መጻፍ የሚቻለው በባዶ ገጽ ላይ፣ ገጽ በገጽ ሲሆን፣ ማጥፋት የሚቻለው ግን ብሎኩን በሙሉ ብቻ ነው።

ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ አንድ ቃል ቢሳሳት ያንኑ ቃል በስለት ፍቆ ያርማል፤ ፍላሽ ግን አንድ ቃል ለማረም ጥራዙ በሙሉ የሚፋቅበት ብራና ነው። ብራና ሲፋቅ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ ሕዋሱን የከበበው ኢንሱሌተርም በእያንዳንዱ የመጻፍና የማጥፋት ዙር ይጎዳል። በአንድ ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው ዓይነት እስከ 100,000 ዙር ሲችል፣ ሦስት ቢት የሚይዘውና በገበያ የተለመደው ግን ከጥቂት ሺህ ዙር አያልፍም። እያንዳንዳቸው 16 ኪሎባይት የሆኑ 256 ገጾች ያሉትን ብሎክ ብንወስድ፣ የአንድን ዘፋኝ ስም ፊደል ለማረም 4 ኪሎባይት የሚጽፍ ፕሮግራም በከፋ ሁኔታ 4 ሜጋባይት ሙሉ እንዲገለበጥ ያደርጋል፤ ይህም ከተፈለገው ከ1,000 እጥፍ የሚበልጥ ጽሕፈት ነው።

ይህን ለማስቀረት አብዛኛው ፍላሽ በውስጡ አስተርጓሚ ተቆጣጣሪ አለው። ተቆጣጣሪው የታረመውን ገጽ ባዶ ቦታ ላይ ይጽፍና የቀድሞውን የሞተ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ባዶ ቦታ ሲያጥረው በሕይወት ያሉትን ገጾች ወደ ሌላ ብሎክ አዛውሮ አሮጌውን ያጠፋል፤ አንዱ ብሎክ ብቻ እንዳይጎዳም ጽሕፈቱን ለሁሉም ያዳርሳል። ችግሩ ግን ተጠቃሚው ፋይል ሲሰርዝ ስርዓተ ክወናው የሚለውጠው የራሱን መዝገብ ብቻ መሆኑ ነው። በሃርድ ዲስክ ዘመን ይህ ይበቃ ነበር፤ በፍላሽ ላይ ግን ተቆጣጣሪው ያልተነገረውን ስለማያውቅ፣ የተሰረዘውን ቀረጻ እንደ ሕያው ቆጥሮ ከብሎክ ወደ ብሎክ ሲያዛውር ይኖራል። ትሪም የተባለው ትእዛዝ የመጣው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው፤ በዊንዶውስ 7 በ2009 ገባ፣ አንድሮይድ 4.3 ደግሞ በ2013 ስልኩ ሥራ ፈትቶ በሚያርፍበት ሰዓት የሞቱትን ገጾች ለተቆጣጣሪው የሚያስታውቅ አሠራር ይዞ መጣ።

ሁለተኛው መፍትሔ ስርዓተ ክወናው ፋይሎችን የሚያደራጅበትን የፋይል ስርዓት ራሱን ለፍላሽ መቅረጽ ነው። ሜንደል ሮዘንብለምና ጆን አውስተርሃውት በ1991 በበርክሊ ባቀረቡት ሐሳብ፣ ነባሩን ቦታ ከማረም ይልቅ አዲሱን ሁሉ ልክ እንደ ካሴት ክር ከመጨረሻው እየቀጠሉ መጻፍ ይቻላል፤ ሐሳቡ ለሃርድ ዲስክ ቢታሰብም ለፍላሽ ይበልጥ ተስማምቷል። በዚህ መንገድ የስዊድኑ አክሲስ በ1999 ጄኤፍኤፍኤስን፣ ኖኪያ ከሃንጋሪው ሴገድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2008 ዩቢአይኤፍኤስን፣ ሳምሰንግም በ2012 ኤፍቱኤፍኤስን አበርክተዋል። የመጨረሻው ቶሎ ቶሎ የሚለወጠውን መረጃ ከማይለወጠው ለይቶ በተለያየ ስፍራ ይጽፋል፤ አብረው የተጻፉት አብረው ስለሚሞቱ ብሎኩ ሲጠፋ የሚዛወረው ጥቂት ይሆናል። ለምሳሌ የተቀዳው ዜማ ሳይለወጥ ይቆያል፤ የካሴቱ ዝርዝር መዝገብ ግን በየቀኑ ይታረማል፤ ሁለቱ በአንድ ብሎክ ባይቀላቀሉ ለሁለቱም ይበጃል።

የፍጥነት ጥያቄም አለ። በሃርድ ዲስክ ላይ ትእዛዞችን በቅደም ተከተል አሰልፎ የሚያነብበውን ክንድ ጉዞ ማሳጠር ጥበብ ነበር፤ ፍላሽ ግን ተንቀሳቃሽ ክንድ የሌለውና ብዙ ቺፖችን በአንድ ጊዜ ማሠራት የሚችል በመሆኑ፣ ሊኑክስ ከ2014 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱን ሰልፍ የሚሰጥ አሠራር ይዟል።

ከሁሉ በላይ ግን ለቅርስ ጠባቂ የሚያሳስበው ዕድሜ ነው። በሕዋሱ የታሰሩት ኤሌክትሮኖች በጊዜ ሂደት ቀስ በቀስ ያፈተልካሉ፤ ሕዋሱ በተጎዳና ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም ፍጥነቱ ይጨምራል። ጄዴክ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃ አውጪ ድርጅት ለግል ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ያስቀመጠው መስፈርት፣ የመጻፊያ አቅሙን የጨረሰ ማከማቻ ኃይል ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ብቻ ይጠይቃል። ካሴት ከጦርነት ተደብቆ ከመሬት ሲወጣ ሊሰማ ችሏል፤ ፍላሽ ግን በመሳቢያ ተቆልፎ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል ብሎ ማመን አይገባም። ስለዚህ የቅርስ ቅጂ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታና በተለያየ ዓይነት ማከማቻ ሊቀመጥ፣ እንደ ዜድኤፍኤስ ያለ ለእያንዳንዱ ክፍል የማረጋገጫ ቁጥር የሚይዝ የፋይል ስርዓትም በየጊዜው ሁሉንም አንብቦ የተበላሸውን ከደህናው ቅጂ ሊተካ ይገባል። በ1988 ሬዲዮ ሐርጌሳን ያተረፉት ሰዎች ቅጂውን አንዴ ቀብረው መጠበቅ ችለዋል፤ የዛሬው ባለአደራ ግን ሥራው በየዓመቱ እየተመላለሰ ማንበብና ማደስ ነው።