ስለ ውሃ መሳቢያ ኢንቨርተሮች ጥበቃና ስለ መዝገባቸው

በፀሐይ ኃይል ውሃ እየሳቡ መስኖ ማጠጣት በአገራችን እየሰፋ መሄዱ የታወቀ ነው። በዚህም ሥራ ከፀሐይ ሰሌዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለፓምፑ ሞተር እንዲስማማ አድርጎ የሚለውጠው፥ ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን የቆመ እንደ ሆነ፥ ጕድጓዱ ውሃ ሳያጣ፥ ፀሐይም ሳትደበዝዝ፥ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በማሳው ላይ ይደርቃል። ገበሬውም የዘሩን፥ የማዳበሪያውንና የድካሙን ዋጋ በጥቂት ቀን ያጣል።

ስለዚህ ነገር ከየወረዳው የሚጻፈው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «መሣሪያው ተበላሽቷልና ሌላ ይላክልን» የሚል ብቻ ነው። መቼ እንደ ተተከለ፥ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፥ የትኛው ክፍሉ እንደ ተበላሸ አይገልጽም። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ችግሩን ያስታውቃል እንጂ ለሚመጣው ዓመት ምክር አይሆንም። ምክር የሚገኘው ከመዝገብ ነው።

አስቀድሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እንግለጽ። ከመሣሪያው ጋራ በሚመጣው ወረቀት ላይ «በብልሽትና በብልሽት መካከል ያለው አማካይ ጊዜ 100,000 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ መሣሪያ በዓመት 2,920 ሰዓት ስለሚሠራ፥ ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያስ 34 ዓመት ይቆይልኛል» ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ቍጥሩ የአንዱን መሣሪያ ዕድሜ የሚናገር አይደለም፤ ብዙ መሣሪያዎች ገና ሳያረጁ በአንድነት ሲሠሩ በስንት ሰዓት አንድ ብልሽት እንደሚደርስ የሚገልጽ ነው። አንድ ወረዳ እንዲህ ያሉ 100 መሣሪያዎች ቢኖሩት፥ ሁሉም በአንድነት በዓመት 292,000 ሰዓት ይሠራሉ፤ ስለዚህ በየዓመቱ 3 ያህል እንደሚበላሹ መጠበቅ ይገባል።

ሦስት ይበላሻሉና ሦስት መለዋወጫ ይበቃል ማለትም ስሕተት ነው። ሦስት የተባለው አማካይ ነውና አንዱ ዓመት ከዚያ ይበልጣል፤ ሌላውም ያንሳል። መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ አንድ ዓመት የሚፈጅ ቢሆን፥ ሦስት ብቻ ያስቀመጠ ሹም ከሦስት ዓመት በአንዱ ያህል ይጐድልበታል። ስድስት ያስቀመጠ ግን ከ100 ጊዜ 97 ጊዜ ያህል አይጐድልበትም።

«ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይባላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለማናቸውም ክፍል ሁሉ እኩል አይስማማም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ስታንሊ ኖውላንና ሃዋርድ ሂፕ የተባሉ አሜሪካውያን ስለ አውሮፕላን ክፍሎች በጻፉት ጥናት፥ ከ100 ክፍሎች 11 ያህሉ ብቻ እያረጁ ሲሄዱ ብልሽታቸው እንደሚበዛ አሳይተዋል። 68 ያህሉ ደግሞ ብልሽታቸው የሚበዛው ገና አዲስ ሳሉ ነው። ከዚያም በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮንራድ ዋዲንግተን የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ የአውሮፕላኖችን መዝገብ ሲመረምር፥ ብልሽቱ የሚበዛው ከምርመራው ቀጥሎ ባሉት ሰዓታት መሆኑን አገኘ። ደኅና የነበረውን መፍታትና መግጠም ራሱ ብልሽት ያመጣ ነበር። የእኛ መሣሪያ አውሮፕላን ባይሆንም፥ ያለ ምክንያት መክፈት ጥበቃ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በኢንቨርተር ውስጥ በእርግጥ የሚያረጁት፥ አየር የሚያናፍሰው ማራገቢያና ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ፈሳሽ ያለባቸው ካፓሲተሮች ናቸው። የካፓሲተር ዕድሜ በሙቀት ይወሰናል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቍጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። በ105 ዲግሪ ሙቀት 5,000 ሰዓት እንዲቆይ የተሠራው፥ በ95 ዲግሪ 10,000፥ በ85 ዲግሪም 20,000 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፥ ሁለተኛው ሰባት ዓመት ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ለሣጥኑ ጥላ መሥራትና የአየር መግቢያውን አቧራ መጥረግ ብዙ ገንዘብ ሳያስወጣ ዕድሜ ይጨምራል። ደጋውም ቢሆን ከዚህ ጥንቃቄ ነፃ አይደለም፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሙቀትን በሚገባ አያወጣምና።

ስለዚህ በየወረዳው አንድ መዝገብ ይከፈት። በእርሱም የመሣሪያው ቍጥር፥ የተተከለበት ቀንና ቦታ፥ የሠራው ሰዓት፥ የቆመበት ቀን፥ የተበላሸው ክፍል፥ የተደረገለት ጥገናና ሥራ የፈታባቸው ቀኖች ይጻፉ። ያልተበላሹትም መጻፍ አለባቸው። ከ50 መሣሪያዎች 5 የተበላሹበት ወረዳ ከ6 መሣሪያዎች 3 ከተበላሹበት ይልቅ ብዙ ብልሽት ያለበት ይመስላል፤ ደኅኖቹ ሲቈጠሩ ግን ችግሩ የባሰው በሁለተኛው ነው።

መዝገቡ ሲሞላ ፍርዱ ቀላል ይሆናል። በተተከሉ በጥቂት ወራት የሚበላሹት ብዙ ከሆኑ፥ ጉድለቱ ከአሠራሩ ወይም ከአተካከሉ ነውና የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ ሻጩ ይጠየቅ። ብልሽቱ በአዲሱም በአሮጌውም እኩል የሚደርስ ከሆነ፥ በዕድሜ ቈጥሮ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነውና መለዋወጫ ብቻ ይቀመጥ። አንዱ ክፍል ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ደጋግሞ የሚበላሽ ከሆነ ግን፥ ያ ሰዓት ሳይደርስ ይለወጥ። ጊዜውም መስኖ ዕረፍት የሚያገኝበት ክረምት ይሁን፤ በጥር የሚቆም ፓምፕ ሰብል ያጠፋል፥ በነሐሴ የቆመ ግን ማንንም አይጎዳም። ሣጥኑን የሚከፍተውም የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይሁን፤ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰው የሚገድል ኃይል ይቆያልና፥ በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ መጠበቅ ግዴታ ነው።

ክቡራን ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች፥ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ታማኝ ጸሐፊ ነው። ደብተሩ ዛሬ ቢከፈት በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አይናገርም፤ በሦስተኛው ዓመት ግን የትኛው መሣሪያ እንደሚገዛ፥ ስንት መለዋወጫ እንደሚቀመጥ፥ ምን በክረምት እንደሚለወጥ ይነግራችኋል። ገበሬውም በበጋ ቀን ፓምፑ ዳር ቁጭ ብሎ ባለሙያ ከመጠበቅ ይድናል።